ለእራት መጥቶ የከረመው ሰው

«ለእራት የመጣው ሰው» ዋርነር ብራዘርስ እ.ኤ.አ. በ1942 መባቻ ለተመልካች ያቀረበው ጥቁርና ነጭ የአሜሪካ ኮሜዲ ፊልም ነው (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትም እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ታሪኩ ባጭሩ ይነገራል፦ አንድ ዝነኛ ሰው ለአንድ ምሽት በተጋበዘበት ቤት ደጃፍ ላይ በረዶ አዳልጦት ይወድቃል፤ ተሸክመው ያስገቡታል፤ ከዚያ በኋላ ግን የሚያስወጣው ይጠፋል። አልሄድ ያለ እንግዳን ይዘው የተነሡ ፊልሞች ከዚያ በፊትም ከዚያ ወዲህም ተሠርተዋል። የዚህኛው እንግዳ ግን የሚበላው ያጣ ወይም ማደሪያ የሌለው ሰው አይደለም። ተለምኖ የመጣ፣ ስሙ በአገሩ ሁሉ የሚታወቅ፣ ከሩቅ አገር ሳይቀር ስልክ የሚደወልለት ሰው ነው። በቤቱ የሚቆየው ባለቤቶቹን እየተለማመጠ ሳይሆን እያዘዘ ነው፤ የፊልሙ ሳቅም በአብዛኛው ከዚህ ይመነጫል።

ፊልሙ የሚጀምረው በባቡር ጉዞ ነው። ለገና ጥቂት ሳምንታት ቀርተዋል፤ ደራሲዎቹ የፈጠሯት ሜሳሊያ የምትባል የኦሃዮ ትንሽ ከተማ በረዶ ለብሳለች። ሸሪደን ኋይትሳይድ፣ የሬዲዮ ተናጋሪና ሐያሲ፣ ከከተማ ወደ ከተማ እየዞረ ንግግር የሚያደርግበት ጉዞ ላይ ነው። አብራው ያለችው ጸሐፊው ማጊ ከትለር ናት። ገና ከባቡሩ ሳይወርድ፣ አይቷቸው የማያውቃቸውን ጋባዦቹን ማማት ይጀምራል፤ ከእንደዚህ ዓይነት ያልሠለጠኑ ሰዎች ጋር ገበታ መቅረብ ለሆዱ እንደማይስማማው ይናገራል። ጋባዧ ወይዘሮ ስታንሊ ደግሞ ሲመኙት የኖሩት እንግዳ ሊመጣላቸው ስለሆነ ደስታቸው ልክ የለውም። ባላቸው የኩሽኔታ ፋብሪካ ባለቤት ናቸው፤ ስለዚህ ሰው ዝናም ሆነ ቀልድ ደንታ የላቸውም። እንግዳው ደረጃውን ሲወጣ እግሩ ይከዳውና ከነካፖርቱ ይዘረጋል። ሐኪም ይጠራል፤ ዳሌው ስለተጎዳ ከቤቱ መንቀሳቀስ እንደማይችል ይነገራል።

ቀጥሎ ኋይትሳይድን የምናየው ከዊልቸሩ ላይ ነው። ቤተሰቡ፣ ሐኪሙና የሰፈሩ ሰዎች ሳሎን ተሰብስበው የቤተ መጻሕፍቱን ክፍል በር እያዩ ይጠብቃሉ። በሩ ይከፈታል፤ ነርሷ ዊልቸሩን እየገፋች ትወጣለች፤ ሁሉም ደግ ቃል ሊሰሙ ጆሯቸውን ያቆማሉ። የሚሰሙት ግን ስድብ ነው። በመጀመሪያ የሚያስታውቀው ስታንሊን 150,000 ዶላር ካሳ እንደሚከሳቸው ነው። ከዚያ የቤቱ ደንብ ይታወጃል፦ ሳሎኑና ቤተ መጻሕፍቱ የእንግዳው ናቸው፤ ስልኩ የእንግዳው ነው፤ ቤተሰቡ በፎቁ ተወስኖ ይኑር፤ ሲወጡና ሲገቡም በጓሮ በኩል ይሁን። ወጥ ቤቷና አሳላፊው ሳይውሉ ሳያድሩ ለእንግዳው ያድራሉ፤ እሱም ሁለቱን ከጌቶቻቸው ነጥቆ ሊቀጥራቸው ያባብላቸዋል። ምሳ የሚጋበዙት ከእስር ቤት የመጡ ወንጀለኞች ናቸው። በሳጥን ታሽገው ከሚደርሱት ስጦታዎች መካከል፣ የዋልታ አሳሹ አድሚራል ባይርድ የላካቸው ሕያው ፔንግዊኖች ይገኙበታል።

እንግዳ የሚያስመርር ኮሜዲ ሁሉ መመለስ ያለበት አንድ ጥያቄ አለ፦ ለምን አያባርሩትም? ተመልካቹ ይህን ጥያቄ በልቡ ካነሣና መልስ ካጣ ፊልሙ አበቃለት። «ለእራት የመጣው ሰው» መልሱን አንድ ጊዜ ሰጥቶ አይተወውም፤ አንዱ ምክንያት ሲሳሳ ሌላ ይደርብበታል። በመጀመሪያ ሰውየው ታሟል፤ የታመመ ሰው ደግሞ ከቤት አይጣልም። ቀጥሎ የክሱ ዛቻ አለ፤ ስታንሊ ገንዘባቸውን የሚወዱ ሰው ናቸውና አፋቸውን ይይዛሉ። ከሁለቱ የሚከፋው ግን ሦስተኛው ነው፦ ወይዘሮ ስታንሊ እንግዳው እንዲሄድ አይፈልጉም። የገዛ ቤታቸው ተወስዶባቸው፣ ደረጃ ላይ ቆመው በሹክሹክታ እያወሩ እንኳ፣ ይህ ሰው ሳሎናቸው ውስጥ መሆኑ ለከተማው ሴቶች የሚነገር ክብር ነው። ጋባዡን የሚያስረው ፍርሃትና ይሉኝታ ብቻ ቢሆን ፊልሙ በግማሽ ሰዓት በደከመ ነበር። የራሱ የታይታ ፍላጎት ሲጨመርበት ግን ማምለጫ ያጣል።

በታሪኩ መሐል አካባቢ ሐኪሙ ብራድሊ እያፈሩ ይመጡና የራጅ ፊልም እንደተምታታባቸው፣ በሽተኛው ምንም እንዳልሆነና ተነሥቶ መሄድ እንደሚችል ለኋይትሳይድ ይነግሩታል። እሱም መጀመሪያ ደስ ይለዋል። ወዲያው ግን ጸሐፊው ማጊ በርት ጄፈርሰን የተባለውን የከተማውን ጋዜጠኛ እንደወደደችና ሥራዋን ልትተው እንዳሰበች ይሰማል። ስለዚህ ሐኪሙን ዝም ማሰኘት አለበት። ብራድሊ ስለ ሕክምና ዘመናቸው የጻፉት፣ ማንም ሊያነብላቸው ያልፈለገው ወፍራም ድርሰት አላቸው፤ ኋይትሳይድ አብሮ ሊሠራበት ቃል ይገባላቸዋል፤ ሰውየው በደስታ ይሰክራሉ፤ ሕመሙ ይቀጥላል። ከዚህች ደቂቃ ጀምሮ እንግዳው የሚቆየው ስላልቻለ ሳይሆን ስለፈለገ ነው። ይህን ተመልካቹ ያውቃል፣ ባለቤቶቹ አያውቁም። የቀረው ፊልም በሙሉ የቆመው በዚህ የእውቀት ልዩነት ላይ ነው።

የእንግዳው ምንጭ

ፊልሙ የተወሰደው ጆርጅ ኤስ. ካውፍማንና ሞስ ሃርት ከጻፉት ተመሳሳይ ርእስ ያለው ተውኔት ሲሆን፣ ተውኔቱ ደግሞ የተወለደው ሃርት ከደረሰበት እውነተኛ ጣጣ ነው። ሃርት በፔንስልቬንያ ባክስ ካውንቲ የገጠር ቤት ነበረው። አንድ ቀን ወዳጁ አሌክሳንደር ዉልኮት ሳይጠራ መጣ። እንደሚተረከው የባለቤቱን መኝታ ክፍል ያዘ፤ የቤቱ ማሞቂያ እንዲጠፋ አዘዘ፤ የቸኮሌት ኬክና የወተት መጠጥ ይምጣልኝ አለ፤ ሠራተኞቹን አስለቀሰ። ሲሄድም በእንግዶች መዝገብ ላይ በሕይወቱ ካያቸው መጥፎ ጊዜያት አንዱን በዚህ ቤት እንዳሳለፈ ጽፎ ፈረመ። ሃርት ይህን ለካውፍማን ሲያጫውተው፣ ሰውየው እግሩ ተሰብሮ እዚያው ቢቀር ኖሮ ምን ይውጠኝ ነበር አለ። ሁለቱ ተያዩ። ዉልኮት ራሱ ቀደም ሲል እኔ የምሠራበት ተውኔት ጻፉልኝ እያለ ሲወተውታቸው ነበርና፣ ለሁለት ጉዳይ አንድ መፍትሔ ተገኘ።

ዉልኮት በ1887 በኒው ጀርሲ የተወለደ፣ በኒው ዮርክ ታይምስ የቲያትር ሐያሲነቱ ስም ያወጣ፣ በኋላም በኒው ዮርከር መጽሔት ዓምድ የነበረው ሰው ነው። ከ1919 ጀምሮ በአልጎንኩዊን ሆቴል ምሳ እየበሉ በነገር የሚዋጉት ጸሐፍትና ተዋንያን ማኅበር ውስጥ ከዋነኞቹ አንዱ ነበር፤ ካውፍማንም ከዚያው ገበታ ነው። በ1930ዎቹ በሬዲዮ ቀረበና የአገር ሰው ሆነ፤ እሱ በሬዲዮ ያወደሰው መጽሐፍ ይሸጥ ነበር። የጄምስ ሂልተን «ደህና ሁኑ፣ ሚስተር ቺፕስ» በአሜሪካ ለገነነበት ምክንያት ከሚጠቀሱት አንዱ የእሱ ምስክርነት ነው። ወፍራም፣ መነጽራም፣ ስድቡን እንደ ፍቅር መግለጫ የሚቆጥር ሰው ነበር። በቨርሞንት ቦሞሲን ሐይቅ ላይ ባለችው ኔሾቢ ደሴት ድርሻ ነበረው፤ በዚያ ጓደኞቹን ሲያስተናግድ ደግሞ ጨዋታውንና የምግቡን ሰዓት የሚወስነው እሱው ነበር። እንግዳ ሲሆን የሚያዝ ሰው፣ ጋባዥም ሲሆን ያዝዛል ማለት ነው፤ ተውኔቱ የመጀመሪያውን ብቻ ነው የወሰደው።

ተውኔቱ በጥቅምት 1939 በኒው ዮርክ ሚዩዚክ ቦክስ ቲያትር ተከፈተ። በካውፍማን አዘጋጅነት እስከ ሐምሌ 1941 ድረስ 739 ጊዜ ታየ። ደራሲዎቹ ሥራውን ለዉልኮት አበረከቱት፤ የአበርክቶው ቃል ምክንያቱ ማንንም እንደማይመለከት የሚናገር ነው። ከዉልኮት ሌላ የተቀዱ ሰዎችም ሞልተውበታል። ለመጎብኘት ብቅ የሚለው ዘናጩ እንግሊዛዊ ደራሲና ዘፋኝ ቤቨርሊ ካርልተን ኖኤል ካውርድ ነው፤ ባል አዳኟ ተዋናይት ሎሬን ሼልደን ከገርትሩድ ሎውረንስ የተቀዳች ናት፤ ሴት ሲያይ ዐርፎ የማይቀመጠው ባንጆ ደግሞ ሃርፖ ማርክስ ነው። በዚያን ጊዜ የነበረ የኒው ዮርክ ተመልካች እነዚህን ሁሉ ያለ ማብራሪያ ያውቃቸው ነበር።

ዉልኮት አለመቆጣቱ ብዙ ሰው አስገርሟል። ሊገርም አይገባም ነበር፤ ዋና ገጸ ባሕርይ ከመሆን ይልቅ ረስተውት ቢሆን ኖሮ ነው የሚቆጣው። የኒው ዮርኩን መድረክ ጊዜ የለኝም ብሎ ተወው እንጂ፣ በ1940 በምዕራብ ጠረፍ በዞረው ቡድን ውስጥ ኋይትሳይድን ራሱ ተጫወተው። ሳን ፍራንሲስኮ ላይ የልብ ሕመም ጣለውና ቆመ፤ ካገገመ በኋላም ወደ መድረኩ ተመለሰ። በ1941 ቡድኑ ዋሺንግተን ሲደርስ እሱ ያረፈው በዋይት ሐውስ፣ በሩዝቬልቶች ቤት ነበር። በዚያው ዓመት ክረምት በባክስ ካውንቲ ቲያትር በቀረበ ዝግጅት ደግሞ ካውፍማን ኋይትሳይድን፣ ሃርት ካርልተንን፣ ሃርፖ ማርክስም ባንጆን፣ ማለትም ራሱን ሆኖ ተጫወተ። ጥር 1943 ዉልኮት በሲቢኤስ የቀጥታ የሬዲዮ ውይይት ላይ ሳለ ልቡ ተመታ፤ ያን ዕለት ማታ ሞተ።

ከመድረክ ወደ ፊልም

ዋርነር ብራዘርስ ተውኔቱን እንዲገዛ የገፋፋችው ቤቲ ዴቪስ ናት። በዚያን ጊዜ ሁለት ኦስካር የወሰደችና የስቱዲዮው ታላቅ ኮከብ ነበረች። የፈለገችው ደግሞ የዋናውን ገጸ ባሕርይ ሳይሆን የጸሐፊዋን የማጊን ሚና ነው፤ እያለቀሰችና እየጮኸች ከምትጫወታቸው ሚናዎች ለማረፍ ፈልጋ ይሆናል። ኋይትሳይድን ጆን ባሪሞር እንዲጫወተው ጓጉታ ነበር። ባሪሞር ለሙከራ ቀረበ፤ መጠጥና ሕመም ግን የማስታወስ ችሎታውን በልተውት ስለነበር ቃሉን በጽሑፍ ፊቱ ቢያቆሙለት እንኳ አልሆነለትም። ከአንድ ዓመት በኋላ በ1942 ዐረፈ። ሌሎች ትልልቅ ስሞችም ታስበው ነበር፤ በመጨረሻ ሚናው የወደቀው መድረኩ ላይ በተጫወተው በሞንቲ ዉሊ እጅ ነው።

ዉሊ በዬል ዩኒቨርሲቲ ድራማ ያስተማረ፣ የዘፈን ደራሲው ኮል ፖርተር የትምህርት ቤት ጓደኛና ለብዙ ዘመን ወዳጁ የነበረ ሰው ነው። ወደ ትወና የገባው ዘግይቶ ነው፤ ኋይትሳይድን በመድረክ ሲጀምር ዕድሜው 51 ደርሷል። አምሮ የተከረከመ ነጭ ጺም ነበረውና ጓደኞቹ በዚያው ይጠሩት ነበር። ፊልሙ ካሉት መልካም ነገሮች ሁሉ የሚበልጠው የእሱ አነጋገር ነው። ቃላቱን አይወረውራቸውም፤ አንድ በአንድ መዝኖ ያስቀምጣቸዋል፤ ሲሰድብ ድምፁ አይጨምርም። ጮኾ የሚሳደብ እንግዳ ተመልካቹን ያደክም ነበር፤ ዉሊ ግን ስድቡን በአንድ የተማረ ሰው ትዕግሥት ስለሚናገረው፣ የተሰደበው ሰው ራሱ ለአፍታ ተመስግኖ እንደሆነ ይጠራጠራል። ሰውየው ክፉ ሆኖ ሳለ ዓይን ከእሱ ላይ አይነሣም፤ ከክፍሉ ሲወጣ ፊልሙ ይቀዘቅዛል።

ከእሱ ቀጥሎ የምትታወሰው ነርስ ፕሪን ናት፤ ከመድረኩ አብራው የመጣችው ሜሪ ዊክስ ትጫወታታለች። ረጅም፣ ቀጭን፣ ዓይኗ ሁልጊዜ በድንጋጤ የተበለጠጠ። ለዚህች ሴት ኋይትሳይድ ምሕረት የለውም፤ እሷም ዝም ብላ ትገፋዋለች፣ ትመግበዋለች፣ ትሰደባለች። በመጨረሻ ግን ነርስነትን ለዘለዓለም እንደተወችና ከዚህ በኋላ የሰው ዘር እንዲያልቅ በሚያግዝ በጥይት ፋብሪካ እንደምትቀጠር ታስታውቃለች። ፊልሙ ኒው ዮርክ ላይ የታየው ፐርል ሃርበር ከተደበደበ ገና አንድ ወር ሳይሞላው ነበርና፣ ይህ ቀልድ ደራሲዎቹ በ1939 ሲጽፉት ያላሰቡት ክብደት ሳያገኝ አልቀረም። ዊክስ ከዚያ በኋላ ለሃምሳ ዓመታት ያህል በፊልምና በቴሌቪዥን ሠርታለች፤ የ1992ቱን «ሲስተር አክት» ያየ ሰው የመዘምራኑን አሮጊት መነኩሲት ያስታውሳታል። ወይዘሮ ስታንሊን የሆነችው ቢሊ በርክም በ1939ኙ «የኦዝ ጠንቋይ» ደጓን ጠንቋይ የተጫወተችው ናት፤ የሚንቀጠቀጠው ድምፅዋ እንግዳ አክብሮ ለሚያልቅበት ሰው ልክ ነው።

ቤቲ ዴቪስ ራሷ በተለመደው መንገድ አትታይም። ዓይኗን አታጉረጠርጥም፣ ድምፅዋን አታነሣም። ማጊ በሥራዋ የበሰለች፣ የአለቃዋን ተንኰል ከመነሻው የምታውቅ፣ ቀልዱንም የምትመልስለት ሴት ናት። በቀረጻው ወቅት ውሻዋ አፍንጫዋን ነክሷት ሥራው ተስተጓጉሎ እንደነበር ይነገራል፤ በፊልሙ ላይ ግን ምልክቱ አይታይም። የፊልሙ ደካማ ጎን የምትወደው ሰው ነው። ሪቻርድ ትራቪስ የሚጫወተው በርት ጄፈርሰን መልካም፣ ጨዋና ፈዛዛ ነው፤ ማጊ ከኋይትሳይድ ጋር ስትከራከር የሚበራው ፊቷ ከበርት ጋር ሲሆን ይጠፋል። ተመልካቹ ሳይወድ በግዱ የአለቃዋን ስሜት እንዲጋራ ያደርገዋል፦ ይህች ሴት በሜሳሊያ ምን ትሠራለች?

ጽሑፉን ለፊልም ያዘጋጁት መንትያዎቹ ጁሊየስና ፊሊፕ ኤፕስታይን ናቸው። እነዚህ ወንድማማቾች ይህ ፊልም በወጣበት ዓመት ከሃዋርድ ኮክ ጋር «ካዛብላንካ»ን ጽፈዋል። እዚህ ግን ሥራቸው በአብዛኛው ቁጠባ ነው፤ ከመድረኩ የወረሱትን ሳይነኩ፣ የሆሊውድ የሥነ ምግባር ሕግ የማያሳልፋቸውን ቃላት እየለወጡ፣ እዚህም እዚያም የባቡር ጣቢያና የበረዶ መንሸራተቻ ትዕይንት ጨምረዋል። ዳይሬክተሩ ዊልያም ኪሊም ካሜራውን እምብዛም አያንቀሳቅስም። ፊልሙን እንደ ተቀረጸ ቲያትር የሚቆጥሩት ሐያስያን አሉ፤ አልተሳሳቱም። ነገር ግን እንግዳ ስለወረረው ቤት የሚናገር ፊልም ከቤቱ ቢወጣ ምን ያተርፋል? ጥበቱ ለጉዳዩ ይስማማዋል። አንድ ደረጃ፣ አንድ የውጭ በርና የቤተ መጻሕፍቱ ባለሁለት መዝጊያ በር አሉ፤ ማን የትኛውን መክፈት እንደሚችል ያየ ሰው የቤቱን ሥልጣን ማን እንደያዘው ያውቃል። ስታንሊ በገዛ ሳሎናቸው ሲያልፉ አካሄዳቸው የሌባ ነው።

ባንጆን የሚጫወተው ጂሚ ዱራንቴ ወደ መጨረሻው አካባቢ እንደ ዐውሎ ነፋስ ይገባል። የሃርፖ ማርክስ ገጸ ባሕርይ በፊልም ላይ የማይናገር ሲሆን፣ ዱራንቴ ግን አፉ አያርፍም፤ ፒያኖ ላይ ተቀምጦም ልሂድ ልቆይ እያለ ልቡ የሚዋልልበትን ሰው የሚያሳይ የራሱን ዘፈን ይጫወታል። ለእንዲህ ያለ ፊልም ከዚህ የተሻለ ዘፈን አይገኝም፤ ማንም በፊልሙ ውስጥ ልብ ብሎ አያዳምጠውም እንጂ።

የሌላ ሰው ልጆች፣ የራሱ ጸሐፊ

ኋይትሳይድ ቤቱን የሚያምሰው በስንፍና አይደለም። ከባለቤቶቹ ይልቅ የቤቱን ሰዎች ስለሚያውቅ ነው። የስታንሊ ልጅ ጁን በአባቷ ፋብሪካ የሠራተኛ ማኅበር የሚያደራጅ ወጣት ትወዳለች፤ ወንድሟ ሪቻርድ ፎቶግራፍ አንሺ ሆኖ ዓለምን መዞር ይመኛል። አባታቸው ሁለቱንም አይሰማም። ሁለቱም በየተራ ወደ ዊልቸሩ ይመጣሉ፤ እንግዳው ያዳምጣቸዋል፤ ሂዱ ይላቸዋል። ምክሩ ጥሩ ነው፣ ልቡም ቅን ይመስላል። ወጥ ቤቷ ምግቧን የሚያደንቅላት ያገኘችው ከእሱ ነው። እንግዳ በመጣበት ቤት ውስጥ የታፈነውን ሁሉ ሲያወጣ፣ የባለቤቶቹ ምሬት ግማሹ ከዚህ እንደሆነ ይታያል፤ ወንበራቸው በመያዙ ከመናደዳቸው በላይ ልጆቻቸው ለሌላ ሰው ገበናቸውን በመንገራቸው ይናደዳሉ።

ይህ ደግነት ግን ወሰን አለው፤ ወሰኑም የራሱ ጥቅም ነው። የሌላ ሰው ልጅ ከቤቷ ስትወጣ ነጻነት ነው። የእሱ ጸሐፊ ስትወጣ ክህደት ይሆናል። ጁንን የመከረበት አንደበት ሳይደርቅ፣ ፓልም ቢች ላይ ሎርድ ቦተምሊ የተባለ እንግሊዛዊ ለማግባት ስታደባ ለነበረችው ለሎሬን ሼልደን ስልክ ይደውላል። በርት የጻፈው ተውኔት ለእሷ የሚሆን ትልቅ ሚና እንዳለው ነግሮ ያስመጣታል፤ ልጁን ከማጊ እንድትነጥቅለት። ተውኔቱን ከተራ የቀልድ ድርድር ከፍ የሚያደርገው ይህ ተቃርኖ ነው። በሰው ቤት ለጋስ መሆን ቀላል ነው፤ ወጪው የሌላ ነውና።

ማጊ ዝም አትልም። ቤቨርሊ ካርልተን ሎርዱን መስሎ በስልክ ለሎሬን የጋብቻ ጥያቄ እንዲያቀርብላት ታደርጋለች፤ ሎሬን ልብሷን ጠቅልላ ልትበር ስትል ኋይትሳይድ ማታለሉን ይደርስበታል። አን ሸሪደን ሎሬንን የምትጫወትበት ወኔ ከፊልሙ ጌጦች አንዱ ነው፤ የተሞኘች መሆኗን ስታውቅ ንዴቷ በፈገግታዋ በኩል ቀስ እያለ ይወጣል፤ አሁን በርትን የምትፈልገው ለሚናው ሳይሆን ለበቀል ነው። ማጊ ሥራዋን ትለቃለች። ኋይትሳይድ ለመጀመሪያ ጊዜ የሚያፍረው እዚህ ላይ ነው፤ የቀረው ጊዜ የገዛ ሤራውን ለማፍረስ የሚሮጥበት ነው።

መፍትሔው የሚመጣው በስጦታ ሳጥን ነው። ከግብፅ የተላከለት የጥንት የሙሚ ሳጥን ሳሎኑ መሐል ቆሟል። ሎሬን ውስጡ ቆማ የተቀረጸበትን ምስል እንድትመስል ያግባቧታል፤ ስትገባ ክዳኑ ይዘጋል። ስታንሊም በዚያው ቅጽበት ፖሊሶች ይዘው መጥተው ለእንግዳው የአሥራ አምስት ደቂቃ ጊዜ ብቻ ሰጥተውታል። ሳጥኑን የሚያጓጉዝ፣ በሩን የሚከፍት ሰው ያስፈልጋል። ኋይትሳይድ በዚህ ጊዜ የስታንሊን እኅት ሃሪየትን ድንገት ያስታውሳታል፤ ባለፉት ቀናት ሹክክ ብላ ስጦታ ስትሰጠው የነበረችው ሴት ከብዙ ዓመት በፊት በመጥረቢያ ሰው ገድላ ጋዜጦች ያወሩላት ናት። ምስጢሩን በሬዲዮ እንዳይናገር ስታንሊ የታዘዙትን ሁሉ ይፈጽማሉ፤ ልጆቹም ይለቀቃሉ፣ ሎሬንም በሳጥኗ ውስጥ ሆና በአውሮፕላን ትሸኛለች። ያ ሁሉ ሆኖ እንግዳው ተሰናብቶ ይወጣል፤ ደጃፉ ላይ ያዳልጠዋል፤ ጮኾ ካሳ እየጠየቀ ተመልሶ ይገባል። ፍጻሜው ከመጀመሪያው ትዕይንት ጀምሮ የተጠበቀ ነው፤ ተመልካቹ ግን ወይዘሮ ስታንሊን እያየ ሳይስቅ አይቀርም።

ዘመዶቹ

ከዚህ ፊልም አሥር ዓመት ቀደም ብሎ ዣን ሬንዋር በፈረንሳይ የሠራው «ቡዱ ከመስጠም ሲድን» (1932) ተመሳሳይ ነገር በተገላቢጦሽ ያሳያል። የፓሪስ መጽሐፍ ሻጭ ሌስተንጓ ራሱን በሴን ወንዝ ሊገድል የዘለለ ለማኝ ያወጣና ቤቱ ያስገባዋል። የእግዜር እንግዳ ነው። ሚሼል ሲሞን የሚጫወተው ይህ ሰው ግን ምስጋና አያውቅም፤ ወለል ላይ ይተኛል፣ መጽሐፍ ውስጥ ይተፋል፣ የባለቤቱን ሚስት ያማልላል። ኋይትሳይድ የሚያዘው ከበላይ ሆኖ ነው፤ ቡዱ ምንም የሚያጣው ስለሌለው ማንም አያዘውም። ሁለቱም ጋባዡን የሚያጋልጡት በአንድ መንገድ ነው፦ ቸርነቱ ስለ እንግዳው ነበር ወይስ ስለ ራሱ መልካም ስም?

ፍራንክ ኦዝ ያዘጋጀው የ1991ዱ «ቦብስ?» ደግሞ ሐኪምን ይፈትናል። ቢል መሬይ የሚጫወተው ጭንቀታም ታካሚ፣ ለዕረፍት ከቤተሰቡ ጋር የሄደውን የሥነ አእምሮ ሐኪም ተከትሎት ይሄዳል። መላው ቤተሰብ ቦብን ይወደዋል፤ ሐኪሙ ብቻ እያበደ ይሄዳል። በዚህ ፊልም የማይወጣው እንግዳ ክፋት የለበትም፤ ያ ደግሞ ለጋባዡ ከክፋት የከፋ ነው፤ ማንም ምሬቱን አይረዳለትም።

በአዲስ አበባ በሂንዲ ፊልም ያደገ ተመልካች የአሽዊኒ ዲርን የ2010 ፊልም «አቲቲ ቱም ካብ ጃዎጌ?» ቢያይ በቀላሉ ይገባዋል፤ ርእሱ «እንግዳ ሆይ፣ መቼ ትሄዳለህ?» ማለት ነው። አጄይ ዴቭጋንና ኮንኮና ሴን ሻርማ በሙምባይ አፓርትመንት የሚኖሩ ሥራ የበዛባቸው ባልና ሚስት ናቸው፤ ፓሬሽ ራዋል ከገጠር የመጣ አጎት ነኝ ባይ ነው። እዚህ የሚያስረው ሕግም ዝናም አይደለም፤ እንግዳ አምላክ ነው የሚለው የሕንድ ጥንታዊ እምነት ነው። ባልና ሚስቱ ሽማግሌውን ሂድ ማለት አይችሉም፤ እንዲሄድ የሚያደርግ ሁኔታ መፍጠር ብቻ ነው የሚችሉት፤ ሙከራው ሁሉ በራሳቸው ላይ ይገለበጣል። ከእነዚህ ሁሉ ፊልሞች ውስጥ ለጋባዡ ድካም አብዝቶ የሚያዝነው ይህ ሳይሆን አይቀርም።

የኋይትሳይድ ታሪክ ከፊልሙ በኋላም አልቆመም። በለንደን ሮበርት ሞርሊ ከ1941 ጀምሮ በመድረክ ተጫወተው። በ1967 «ሼሪ!» በሚል ርእስ የብሮድዌይ ሙዚቃዊ ተውኔት ሆነና 72 ጊዜ ብቻ ታይቶ ተዘጋ። በ1972 ኦርሰን ዌልስ ለአሜሪካ ቴሌቪዥን ሠራው፤ በ2000 ኔታን ሌን በኒው ዮርክ መድረክ አቀረበውና በቴሌቪዥንም ተላለፈ። የአማተር ቲያትር ቡድኖች ከማይተዉአቸው ሥራዎች አንዱ ነው፤ ብዙ ሚና አለው፣ የሚያስፈልገው አንድ ሳሎን ነው፣ የሚቀርበውም ብዙ ሰው ትዕይንት በሚፈልግበት በገና ሰሞን ነው። የሚያስቸግራቸው በየገጹ የሚጠሩት የ1930ዎቹ ታዋቂ ሰዎች ስም ነው። አንዳንዱ ቡድን ስሞቹን ይቆርጣል፣ ሌላው በፕሮግራሙ ወረቀት ላይ ማን ማን እንደነበሩ ያብራራል። ዉሊን በፊልሙ ያየ ሰው ግን ሁለቱም እንደማያስፈልጉ ይረዳል፤ ስሞቹን የሚጠራበት ድምፅ፣ ሰዎቹ ማንም ይሁኑ ማን፣ ስታንሊ እንደማያውቋቸው ለመንገር ይበቃል።